ከግራ በኩል የቆመው ሻንጣ

ከአገር የወጣሁ ዕለት፣ ገና ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ፣ አባቴ በሻንጣዬ ተደናቀፈ። ሻንጣው የሚሰወር ነገር አልነበረም። ቀይ ነው፣ ግልገል በግ ያህላል፣ ከበሩ በስተግራ ቆሟል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችንም ዕቃ የሚጠፋባት ቤት አይደለችም። አባባ ግን እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንደሌለ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ፣ ግራ እግሩ ተጠለፈ፣ በሁለት እጁ የበሩን መቃን ይዞ ተረፈ።

ሊሸኘኝ የመጣው ሰው ሁሉ እግሩን አየ።

“በግራ እግሩ ነው!” አለች ታናሽ እህቴ ብርቄ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። “በመንገደኛ ቀን የግራ እንቅፋት? ቅሪ ሲልሽ ነው አስካሌ።”

“ኧረ ተይ አንቺ” አሉ ጋሽ ቶሎሳ። የአባባ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ላፍቶ የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን እዚያው ተወልደው፣ ዛሬም በፎቆች መሀል ሁለት ላም የሚያረቡ ሽማግሌ። “የተደናቀፈው ቀሪው ነው፤ ሂያጇ መች ተደናቀፈች? ቀሪ ከተደናቀፈ ሂያጅ ቶሎ ይመለሳል። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው።”

ከዚያ ክርክር ሆነ። ግራ ነው ቀኝ ነው፣ ቀሪ ነው ሂያጅ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ፍች አመጣ። “ይሄን የሚያክል ቀይ ሻንጣ እንዴት አላየውም?” ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህን የምጽፍላችሁ፣ እናንተ ጀሞና ላፍቶ ያላችሁ፣ እንደኔም በሰው አገር ያላችሁ፣ ያንን ጥያቄ ሦስት ዓመት አዘግይቼ ስለጠየቅኩት ነው።

አባቴ አቶ ደግፌ ልብስ ሰፊ ነው። ላፍቶ አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። እኔ ከጎኑ ቁልፍ እየተከልኩ፣ የሌሎችን ልጆች ዩኒፎርም እያጠፍኩ አደግኩ። ፊደል የቆጠርኩት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ በማታ ትምህርት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን ነገር እንደ ተበደረው ዕቃ ነው የሚይዘው፣ እንዳይሰበርበት ይሰጋል። ሰው ሲሳሳት ማረም እወድ ነበር። አባባ ይኮራብኝ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ “እስቲ ለዚች ልጄ ጥያቄ ጠይቋት” ይላል፣ በሜትሩ ወደኔ እየጠቆመ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደችን መኪና ለቡ መብራት ኃይል የሚባለው ሰፈር ስትደርስ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል። ሹፌሩ “ስሙ ብቻ ነው የሚበራው” ብሎ ሳቀ። አባባ አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“አስካሌ፣ በግራ በኩል አንዳንዴ ነገር ይሰወርብኛል። ጭጋግ ቢጤ ነው። ለብርቄ አትንገሪያት፣ ስታለቅስ ትከርማለች።”

እኔ ምን አልኩት? አላመነታሁም። “ሞራ ነው አባባ። ስምንተኛ ክፍል ተምረነዋል፣ የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ጋሽ ቶሎሳስ ተገፍፎላቸው እንደ ንስር እያዩ አይደል? አሁን አትነካካው። ይብሰል፣ ሲበስል ይገፈፋል።”

ሌንስ ሲደፈርስ ሞራ እንደሚባል በእርግጥ ተምሬያለሁ። ስለ መብሰሉ ግን መጽሐፉ ላይ ምንም አልነበረም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ከሰፈር ወሬ ወስጄ።

“እሺ” አለ አባባ፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገ። “የተማርሽው አንቺ።”

*

የመጣሁት ቦሎኛ ነው፣ ጣሊያን፣ አንዲት አሮጊት ሴት ላስታምም በሥራ ውል። ከተማው በሙሉ በረንዳ ነው ብላችሁ እመኑኝ፤ መንገዱ ዳርና ዳር በቅስት የተሸፈነ ስለሆነ ዝናብ እየወረደ ሰው ሳይርስ ከቤቱ ገበያ ይደርሳል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ናፈቀኝ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲይዘኝ ሮጬ የሰው ሱቅ ደጃፍ መጠለል፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ “ዘንድሮስ ጉድ ነው” መባባል። እዚህ ዝናብ ማንንም ከማንም አያገናኝም።

የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል ጀመረ።

“ኮኞሜ?” የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው።

“ደግፌ።”

“የአባት ስም?”

“ደግፌ።”

“ሲኞራ፣ እሱን ነግረሽኛል፤ የቤተሰብ ስሙ ነው። የራሱን ስም ነው የምጠይቅሽ።”

“የራሱ ስም ነው። ደግፌ።”

“የእሱስ የቤተሰብ ስም ማን ነው?”

“ዘለቀ።”

አሁን ቀና አለ። “እንግዲያው አባትሽ አይደለም።”

የኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ የአባቱን ስም ይዞ እንደሚሄድ፣ አባቱም የአባቱን፣ በተሰባበረው ጣሊያንኛዬ አስረዳሁት። “ማለት በቤታችሁ ውስጥ ሁላችሁም የተለያየ ቤተሰብ ናችሁ” አለና በፎርሙ ላይ “ደግፌ ደግፌ” ብሎ ጻፈ። ስለዚህ በጣሊያን መንግሥት ዘንድ አባቴ ራሱን በራሱ የወለደ ሰው ነው። ለአባባ በስልክ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። “ደግ አደረገ፣ ሁለት ጊዜ ልኑርበት” አለኝ።

የማስታምማት ሴት ሲኞራ ኢዳ ትባላለች፣ ወይዘሮ ኢዳ እንደ ማለት ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፤ እንደኔው ሰው ማረም ትወዳለች። አገሬ ፓስታ በእንጀራ ተጠቅልሎ እንደሚበላ ስነግራት አማተበች። አንድ ዓይኗ ጨርሶ አያይም፣ ሌላው በትንሹ ያያል። ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርግላታለሁ። የታችኛውን ቆብ ሳብ፣ አንዲት ጠብታ፣ ከዚያ ዓይን ተከድኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። አንድ ቀን ቢዘለል ትቆጣለች። ምን በሽታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። “የእርጅና ነው” ብዬ ነበር፣ ለራሴ።

በየእሁዱ ቤት እደውላለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ብርቄ ወሬ ማምጣት ጀመረች።

“የኛ ሰው ኮራ እኮ።”

“ማን?”

“አባባ ነዋ። እታች ያሉት ወይዘሮ ‘ልጁ ውጭ ከሄደች ወዲህ ሰላምታ ነሳን’ ብለው ለሰፈሩ አወሩ። አጠገቡ ቆመው ‘እንደምን አደሩ’ ሲሉት ዘግቷቸው አለፈ። የታክሲ ረዳቱም ‘ፋዘር፣ እጄን ዘርግቼ ሳንቲሙን አየር ላይ የሚለቁት ምን አድርጌዎት ነው?’ አለው።”

ሳቅን። በእውነት ሳቅን። አባባ ከኋላ “ተዋቸው፣ ቅናት ነው” ሲል ይሰማኛል። ብርቄ ስልኩን ሰጥታው ወጣ ስትል “ዓይንህስ?” አልኩት። “ሞራው? እየበሰለ ነው መሰለኝ” አለ፣ ጓሮው ስላለ ኮክ የሚያወራ ሰው ይመስል። “ቶሎሳ ከኦፕራሲዮኑ የተረፈውን ጠብታ ሰጥቶኛል፣ እሱን ጠብ ጠብ እያደረግኩ ነው።” እኔም “ጥሩ” አልኩ። ጥሩ!

*

በሦስተኛው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ ይመስለኛል፣ ለሲኞራ ኢዳ ጠብታ አድርጌላት ጥጉን ይዘን ሁለቱ ደቂቃ እስኪያልቅ ስንጠብቅ፣ ዓይኗን እንደከደነች ማውራት ጀመረች።

“እኔ እንዴት እንዳወቅኩ ታውቂያለሽ? አላወቅኩም። አንድ ዓመት በግራ ረድፍ የሚቀመጡት ልጆች በጣም ጨዋ የሆኑ መሰለኝ። ‘ዘንድሮ በግራ ያሉት አይረብሹም’ ብዬ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ለካ አላያቸውም። እጃቸውን አውጥተው ይጠብቁኝ ነበር፣ ስማቸውን ሳልጠራ ዓመቱ አለቀ።”

ጣቴ ከዓይኗ ጥግ ተንሸራተተ። ቀዩ ሻንጣ ፊቴ ድቅን አለ። ከሻንጣው ኋላ “ሰላምታ ነሳን” ያሉት ወይዘሮ፣ ከሳቸው ኋላ የረዳቱ የተዘረጋ እጅ።

“ሲኞራ፣ የርስዎ በሽታ ስሙ ማን ነው?”

“ግላኮማ። ሦስት ዓመት ሙሉ እያደረግሽልኝ ስሙን አታውቂውም?” አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከደረሰብኝ እርማት ሁሉ ይሄ አጥንቴ ገባ።

በሳምንቱ ለክትትል ሆስፒታል ስወስዳት ሐኪሟን ያዝኳት። የኔን ዓይን ግን አስቀድማ ያነሳችው እሷ ናት። “አንቺ አርባ ዓመት አልፎሻል? ዓይንሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። አላውቅም። አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ ግፊቱን ለካች፣ ቀጥሎ በብርሃን ወደ ውስጥ አየች፣ ቀጥሎ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ከሚመስል መሣሪያ ፊት አስቀመጠችኝ። መሀል ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ እያየሽ፣ በዳር በኩል ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ ተባልኩ።

እኔ ደግሞ ፈተና ሲባል እብድ ነኝ። አንድም እንዳያመልጠኝ ዓይኔን ወዲያ ወዲህ እያንከራተትኩ ብርሃኑን አደንኩት። ስጨርስ ሙሉ ያመጣሁ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና “ኮርጀሻል” አለችኝ።

“እኔ?”

“መሣሪያው ዓይንሽን ያያል። ይሄ የምታልፊው ፈተና አይደለም ሲኞራ። የማታዪውን ቦታ ካልነገርሽኝ እንዴት ላግዝሽ?”

እንደገና ተፈተንኩ። ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነርቩ ላይ ጉዳት ጀምሯል፣ እይታዬ ግን ገና አልጎደለም። “በጊዜ ነው የደረስሽው” አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ። “በቤተሰብ ውስጥ ይሄ ያለበት ሰው አለ?”

“የለም። አባቴ ብቻ… እሱ ሞራ ነው ያለበት።”

“ሞራ ነው ያለው ሐኪም ነው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ማን ነው?”

“እኔ ነኝ።”

ብዕሯን አስቀመጠች። ያስረዳችኝን እኔ በልብስ ሰፊ ልጅነቴ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ውሃ አለ፣ በጥግ በኩል ወንፊት በመሰለ መውጫ ይፈስሳል። መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ይጨምርና ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳዋል። ግፊቱ ደህና መስሎም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ፣ ስለዚህ መለካት ብቻ አይበቃም፣ ነርቩም መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ አያምም፣ አይቀላም። እይታ ጨርቅ ከጠርዙ እንደሚተረተር ከዳር መጥፋት ይጀምራል፣ መሀሉ ግን እስከ መጨረሻው ደህና ሊሆን ይችላል። ሞራ ሌላ ነው፣ የደፈረሰ መስታወት ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ብርሃን ይመለሳል፣ እስኪበስል መጠበቅም የለበትም። ይሄኛው የወሰደውን አይመልስም። በጠብታ፣ በሌዘር፣ በቀዶ ጥገና የቀረውን መጠበቅ ነው ያለው። አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እህት ካለበት ደግሞ የቀረው ቤተሰብ ሁሉ መታየት አለበት።

“ከእይታው ስንት እንደቀረው አላውቅም” አለችኝ፣ “ግን ነገ ሳይሆን ዛሬ ደውዪለት።”

*

ያን ዕለት በበረንዳዎቹ ሥር ከወዲያ ወዲህ ስመላለስ የጫማዬ ድምፅ ያሳብደኝ ነበር። ምን ብዬ ልጀምር? ደወልኩ፣ በምስል። አባባ፣ ብርቄና ጋሽ ቶሎሳ ቤት ናቸው። “አባባ፣ ነገውኑ ዓይንህን መታየት አለብህ” አልኩት።

“በስሏል እንዴ?” አለ ቶሎ ብሎ፣ ደስ ብሎት።

“ሞራ ላይሆን ይችላል። የባሰ ነገር ሊሆን ይችላል።”

አባባ ከኮቱ ገበር መርፌ መዘዘ፣ ክር በምላሱ አሹሎ አንዴ ብቻ ሰደደው። ገባ። መርፌውን ስልኩ ፊት ደቀነው። “ይኸው! የመርፌ ቀዳዳ የሚያይ ዓይን ታሟል ትይኛለሽ?”

“ወጣቱም እንዲህ አያስገባ” አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

“ብርቄ” አልኩ፣ “ስልኩን አቁሚና ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። አባባ፣ ቀኝ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን። በግራህ የብርቄን አፍንጫ ብቻ እይ። እሷ ጣቷን ከግራህ በኩል ቀስ እያለች ታመጣለች፣ ያየኸው ጊዜ ‘አየሁ’ በል። አደራ፣ ዓይንህን እንዳታንቀሳቅስ፤ እኔ ኮርጄ ተይዣለሁ።”

“እንደ ልጅ ጨዋታ” አለ፣ ግን ሸፈነ።

ብርቄ ጣቷን ከጆሮው ትይዩ ጀመረች። እያወዛወዘች አመጣችው። የዓይኑን ጅራት አለፈች። “አየሁ” አላለም። ጣቱ በሁለቱ መሀል፣ አፍንጫዋ ጋ ሊደርስ ስንዝር እስኪቀረው መጣ። አባባ የእህቴን አፍንጫ ትክ ብሎ እያየ ነበር።

“እንዴ፣ ጀምሪ እንጂ!” አላት።

የብርቄ ጣት መወዛወዙን ተወ። ጋሽ ቶሎሳ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። “ደግፌ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ጣቷ እኮ እፊትህ ነው።”

አባባ መዳፉን አወረደ፣ ጣቷን አየ፣ የብርቄን እንባ አየ። ከዚያ ስልኩን ፈልጎ ወደኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“አንቺ አይደለሽ ይብሰል ያልሽኝ?”

“ተሳስቼ ነው አባባ።”

“መጽሐፉ ላይ አለ አላልሽኝም?”

“አልነበረም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።”

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም። አባባ መርፌውን መልሶ ኮቱ ላይ ሰካ። ሁለት ጊዜ ሳተው።

በማግስቱ ብርቄ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ግላኮማ ነው። የግራው ጭላንጭል ብቻ ቀርቶታል፣ የቀኙም ዳር ዳሩ ተበልቷል፣ መሀሉ ግን አለ። የጋሽ ቶሎሳ ትራፊ ጠብታ ራሱ ግፊት ከሚጨምሩት ዓይነት መሆኑን ሐኪሙ ነገራቸው፤ ሽማግሌው ይሄን ሲሰሙ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም አሉ። አሁን ላፍቶ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ “የሰው ጠብታ እንዳትነካ፣ ሐኪም ሳያይህም ሞራ ነው እንዳትል” እያሉ ያስቆማሉ።

ብርቄ ግን አንድ ነገር እየሳቀች ነገረችኝ። ሐኪሙ “ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዘገዩ አባት?” ብሎ ሲጠይቀው አባባ የኔን ስም ሳያነሳ ፈጥኖ መለሰ አሉ፦ “ከጀሞ የታክሲ ሰልፍ ነው የኔ ልጅ፣ አይጣል ነው።”

ሐኪሙ ሳቀ። ብርቄ ሳቀች። እኔ ስልኩን ይዤ ሲኞራ ኢዳ ማድ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ።

*

አሁን ለኔም ጠብታ ታዟል፣ ማታ ማታ አብረን ነው የምናደርገው። እኔ፣ ሲኞራ ኢዳ፣ አባባ። እዚህ ያሉት ሰዎች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይገፉታል፣ ያኔ ሁሉ ይዘበራረቅብኛል፣ በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጠብታው ላፍቶ ካለቀ ብርቄ ለቡ ድረስ ትፈልጋለች፤ ያላገኘች ቀን እኔ እንቅልፍ የለኝም። እሷ ራሷን መታየት አለባት፣ “ቅዳሜ እሄዳለሁ” ካለች አራት ቅዳሜ አለፈ። የፈቃዴ እድሳት ገና ነው፣ ሳይታደስ ወጥቼ መመለስ አልችልም። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ “ደግፌ ደግፌ የሚባለው አባትሽ ከሆነ ማስረጃ አምጪ” ብሎኛል። አባባ ያለው ዓይን ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማንም በቁጥር አይነግረኝም፤ እኔም እንደ ድሮው ከራሴ አልጨምርም።

ትናንት ስንደውል እንዲህ ሆነ። ጠብታችንን አደረግን፣ ሦስታችንም ዓይናችንን ከድነን ጥጉን ያዝን። በስልኩ ውስጥ ከታች “ጀሞ፣ ጀሞ፣ ሁለት ሰው!” የሚል የረዳት ጩኸት ይሰማል።

“አስካሌ” አለ አባባ።

“አቤት።”

“ስትመጪ በቀኜ በኩል ግቢ። ሻንጣሽንም በቀኝ በኩል አቁሚው።”

“እሺ አባባ።”

“ዓይንሽን ገለጥሽ እንዴ?”

“ገና ነኝ” አልኩት። ከገለጥኩ ቆይቻለሁ። ዓይኑን እንደከደነ ጣቱን ጥጉ ላይ ጭኖ፣ እንደታዘዘ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር፣ እያየሁት ነበር።

“እኔም ገና ነኝ” አለ።